ሰባት ትሪሊዮን ሲሏችሁ «በቀን ስንት?» በሉ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ከአቦል እስከ ቶና ይወስዳችኋል። ከመስቀል ወዲህ በውስጥ መስመርም በስልክም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ የካሉብ ጋዝ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዜናው የተሰማው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጉራጌ አገር መስከረም 22 ማለት ለመስቀል የገባው ሰው ገና ተጠቃልሎ ያልተመለሰበት፣ የክትፎው ጣባ ያልደረቀበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ በየቤቱ ተመልካቹ ሙሉ ነበር፤ አስተያየት ሰጪውም እንደዚያው። ቡታጅራ አቅራቢያ በቆሎና በርበሬ የሚያርሰው አጎቴ «ዩሪያው መቼ ነው የሚረክሰው?» አለኝ። ባለቤቱ «ሲሊንደሩስ?» አሉ። የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ የሚሠራ አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሥራዬን ለቅቄ ወደዚያ ልሂድ? ምን ይመክሩኛል?» ብሎ ጻፈልኝ። አንዱ የሰፈር ልጅ ደግሞ «ሰባት ትሪሊዮን እያለን ለምንድነው ነዳጅ ማደያ የምንሰለፈው?» አለ።

አራቱም ጥያቄዎች ውለው አድረው የሚሄዱት አንድ ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ጋ።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ «ጋዝ» ብዙ ነገር ነው። እናቶቻችን ጋዝ የሚሉት ላምባውን ነው፤ ነጭ ጋዝ። የከተማ ሰው ጋዝ ሲል የሲሊንደሩ፣ ቡታጋዙ ነው። የካሉቡ ሁለቱንም አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ መጠነኛ ግፊት ሲያገኝ ፈሳሽ ስለሚሆን በቀላሉ ተሸክመነው እንሄዳለን። የካሉብ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በግፊት ብቻ ፈሳሽ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። ያኔ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ይቀንሳል። ኤልኤንጂ የሚሉት ይሄን ነው። ለአጎቴ ባለቤት «እትዬ፣ የእርስዎ ሲሊንደር ከዚህ ጋር በቀጥታ አይገናኝም» ስላቸው «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰዓት ምን ያሳዩናል?» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ምን ይባላል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ብዙ ሰው «የጋዝ ክምችት» ሲባል ከመሬት በታች ያለ ትልቅ ዋሻ ይመስለዋል። በርሜል የሚያክል ቦታ እንኳን የለም። ጋዙ ያለው በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል በቀሩ፣ በዓይን በማይታዩ ክፍተቶች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛው፣ ምን ያህል ይይዛል? ሁለተኛው፣ የያዘውን ምን ያህል ያሳልፋል? ክፍል ውስጥ አንደኛውን ፖሮሲቲ፣ ሁለተኛውን ፐርሚያቢሊቲ እንላቸው ነበር። ዜናው ሁሌም የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ገንዘቡ ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው።

ወልቂጤ ሳስተምር ይሄን ለማስረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልገኝም ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ስትመጡ ቱሉ ቦሎ አካባቢ የምታገኙትን የበቾ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ታውቁታላችሁ። ቡታጅራ ዙሪያ ለመንገድ ሙሌት የሚጫነው ቀይ አሽ የሚወጣባቸውን ጉብታዎችም ታውቃላችሁ። ቀይ አሹ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ፤ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ክረምት የጠጣው ዋልካ ላይ ድፉ፤ ተኝቶ ይከርማል። ዋልካው የማያሳልፈው ባዶ ቦታ ስለሌለው ነው? ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይል ነበር። አይደለም። ከዋልካ ግማሽ ያህሉ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ውሃም ሞልቶታል። ችግሩ ክፍተቶቹ እጅግ ከማነሳቸው የተነሳ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አለመቻሉ ነው። ብዙ ይይዛል፣ አይሰጥም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ታውቁ የለ?

የማሳለፍ አቅም የሚለካው ዳርሲ በሚባል መለኪያ ነው። ስሙ የተወሰደው ከፈረንሳዊው መሐንዲስ ከአንሪ ዳርሲ ነው፤ የዲዦን ከተማን የውሃ ጉዳይ ሲሠራ ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመ። ጥሩ የጋዝ ድንጋይ በአስሮችና በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊዳርሲ አለው። «ጠባብ» የሚባለው ድንጋይ ግን፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለዋጋ ቁጥጥር ብለው ባወጡት ልክ፣ ከ0.1 ሚሊዳርሲ በታች ነው። ከጥሩው ጋር ስታነጻጽሩት ሺህ እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። ሁለቱ ድንጋዮች እኩል ጋዝ ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ በሰዓት የሚሰጣችሁን ሌላው በወር ላይሰጣችሁ ይችላል።

ካሉብ ላይ ጋዙ የተገኘው በዋናነት በሁለት የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ነው፤ ከላይ ያለው የአዲግራት፣ ከታች ያለው በዕድሜ የሚበልጠው የካሉብ የአሸዋ ድንጋይ። በመካከላቸው ቦክ ሼል የሚባል የጭቃ ድንጋይ አለ። የአዲግራቱን ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ነክታችሁታል። አባይ በረሃ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው ቁልቁለት፣ ለመስክ የወጣን ጊዜ ከጂፕሰሙና ከኖራ ድንጋዩ በታች ያያችሁት ያ ቀላ ያለ ድንጋይ፤ እሱ ነው። ነገር ግን አባይ ላይ ያየነው ፀሐይና ነፋስ ያገኘውን ፊቱን ነው። ኦጋዴን ላይ ያው ስም ያለው ድንጋይ ከላዩ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሌላ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በሙቀትና በግፊት ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ውሃ ማዕድን እያስቀመጠ ልክ እንደ ሲሚንቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ጥልቀትና ዕድሜ ሲጨምር የአሸዋ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል። ይሄ ማለት የካሉብ ንብርብር ሁሉ ጠባብ ነው ማለት አይደለም። ንብርብር ከንብርብር፣ ጉድጓድ ከጉድጓድ ይለያል። ለዚህ ነው ልኬት የሚያስፈልገው።

(በነገራችን ላይ «እኛስ ጋ ለምን አይቆፈርም?» ለምትሉ፦ ጋዝ የሚፈጠረው በደለል ውስጥ የተቀበረ የዕፅዋትና የሌላ ሕይወት ቅሪት በሙቀት ሲበስል ነው። ቡታጅራ ዙሪያ ከእግራችን ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሐረ ሸይጣን ሐይቅን ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም፤ የፍንዳታ ጉድጓድ ነው።)

እንግዲህ ከመሬት በታች 3 ሺህ ሜትር ገደማ ያለን ድንጋይ ማሳለፍ አለማሳለፉን እንዴት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የሚታሰበው ናሙና ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ድንጋዩ ወደ ላይ ሲወጣ ተጭኖት የነበረው ክብደት ይለቀዋል፤ ትንፋሽ ያገኛል፤ ደቃቅ ስንጥቆቹ ይከፈታሉ። ቤተ ሙከራ ገብቶ ደግሞ ይደርቃል፣ ከዚያ በጋዝ ይለካል። ከታች ግን ተጭኖ፣ ከክፍተቱ ግማሹን ውሃ ይዞበት ነው የሚኖረው። ጥሩ ድንጋይ ላይ ይሄ ልዩነት ብዙም አይጎዳም። ጠባብ ድንጋይ ላይ ግን ደረቁ ልኬት ከእውነተኛው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ በልጦ ሊገኝ ይችላል። ክሊንከንበርግ የሚለውን ስም የምታስታውሱ ተማሪዎቼ፣ ያን ቀን ለምን እንደደጋገምኩት አሁን ይገባችኋል።

ስለዚህ ዋናው ማስረጃ ጉድጓዱ ራሱ ነው። ጋዙን ለተወሰነ ጊዜ ታስወጡታላችሁ፣ ከዚያ ትዘጉታላችሁ፣ ግፊቱ ወደ ነበረበት እንዴት እንደሚመለስ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ጥሩ ድንጋይ ላይ በሰዓታት ወይም በቀናት ይመለሳል። ጠባብ ድንጋይ ላይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መመለሻው ኩርባ ሁለት ነገር ይነግራችኋል፦ ድንጋዩ በእርግጥ የማያሳልፍ ነው ወይስ ሲቆፈር የገባው ጭቃ የጉድጓዱን ዙሪያ ብቻ ደፍኖት ነው? የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። የተደፈነውን ማጠብ ይበቃዋል፤ በኖራ ድንጋይ ላይ ከሆነ አሲድ መንገድ ይከፍታል። ድንጋዩ ራሱ ጠባብ ከሆነ ግን መሰንጠቅ ነው። ይሄን ሳይለዩ መሰንጠቅ ማለት የራስ ምታቱ ከምን እንደመጣ ሳይጠይቁ ቀዶ ጥገና እንደመግባት ነው። መለየቱ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ የተዘጋ ጉድጓድ ጠብቆ መቀመጥ ለባለ ገንዘቡም ለባለ ሥልጣኑም ከባድ ነው። ካሜራ ፊት የሚያምረው ነበልባሉ እንጂ ግፊት መለኪያው አይደለም።

መሰንጠቁስ እንዴት ነው? አሁንም ወደ ዋልካችን እንመለስ። በበጋ ዋልካ ይሰነጠቃል፤ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያ የማያሳልፈው አፈር ውሃውን ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ የሚገባው በስንጥቁ ነው። ጥቂት ቀን ሲዘንብ ግን ዋልካው ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ውሃው ላይ ላዩን ይቀራል። ስንጥቁ ውስጥ ጠጠር ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቀር ነበር። ጠባብ ጋዝ ላይ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ፈሳሽ በከፍተኛ ግፊት ወደ ታች ይገፋል። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ተኩል አይሞላም፤ 3 ሺህ ሜትር ታች ያለውን ድንጋይ ለመሰንጠቅ ከ400 እስከ 600 ባር ሊያስፈልግ ይችላል። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ፈሳሹ የተመረጠ አሸዋ ወይም ደቃቅ የሴራሚክ ኳስ ተሸክሞ ይገባል። ግፊቱ ሲለቀቅ ድንጋዩ ሊገጥም ይሞክራል፤ አሸዋው እንደ ሽብልቅ ከፍቶ ይይዘዋል። ስፋቱ ሚሊ ሜትሮች ነው፤ ርዝመቱ ግን ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ድንጋዩ ራሱ አልተለወጠም፤ ጠባብ እንደሆነ ነው። የተለወጠው ጋዙ የሚጓዘው መንገድ ማጠሩ ነው።

ስንጥቁ የት አቅጣጫ እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ መሐንዲሱ አይደለም፤ መሬቱ ነው። ድንጋይ የሚከፈተው ጭነት ወደሚያንስበት አቅጣጫ ነው። ቡታጅራ ዙሪያ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎቹ ተሰልፈው እንደቆሙ አስተውላችኋል? ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ። ስምጥ ሸለቆው መሬቱን ወደ ጎን እየጎተተ ስለከፈተው ቀልጦ የመጣው ድንጋይ በዚያ ስንጥቅ ወጣ። ተፈጥሮ ራሷ ስንጥቁን በመረጠችው መስመር ነው የሰደደችው። ኦጋዴንም የራሱ አቅጣጫ አለው፤ ሳያውቁት የተሠራ ስንጥቅ ወደ ውሃው ንብርብር ሊሄድ ወይም ከጎረቤት ጉድጓድ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ይሄ ጥበብ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ባለ የጋዝ ጉድጓድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ይሄ ነው የሚባል አልነበረም። ጠባብ ድንጋይ ሰውን ምን ያህል እንደሚፈትን ለማሳየት ሁሌ የምነግራችሁን ደግሞ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1967 አሜሪካኖች ኒው ሜክሲኮ ውስጥ 29 ኪሎ ቶን የሚያክል የኑክሌር ቦምብ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ቀብረው አፈነዱ፤ ጠባቡን ድንጋይ ለመሰባበር። ፕሮጀክቱ ጋዝበጊ ይባል ነበር። በ1969 እና በ1973 ኮሎራዶ ውስጥ ደገሙት። ድንጋዩ ተሰባበረ፣ ጋዙም ወጣ፤ ግን ጨረር ያለበት ጋዝ ነበርና ማንም ቤት አልገባም። ኃይል ስላላችሁ ብቻ ድንጋይ አይታዘዝላችሁም፤ መጀመሪያ ማወቅ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ፤ ወደ ዩሪያው። የማዳበሪያ ፋብሪካ ጎዴ ላይ ይሠራል ተብሏል፤ ዳንጎቴ ግሩፕ 60 በመቶ፣ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ 40 በመቶ ይዘው፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። ጋዙ የሚመጣው ከካሉብና ከሂላላ ነው። ከሚቴን ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ከአየር ናይትሮጅን ጋር አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ዩሪያ። በግርድፍ ስሌት አንድ ቶን ዩሪያ ማገዶውን ጨምሮ ከ20 እስከ 25 ሺህ ኪዩቢክ ፊት ጋዝ ይበላል። 3 ሚሊዮን ቶን ሲሆን በዓመት ከ60 እስከ 75 ቢሊዮን ኪዩቢክ ፊት። በቀን 180 ሚሊዮን ገደማ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የኔዘርላንድ ሰዌል የተባለው አማካሪ ድርጅት ጥናት መሠረት ተደርጎ የተነገረው ቁጥር 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ነው። ፋብሪካው በሠላሳ ዓመት የሚበላው 2 ትሪሊዮን ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ነው ሰው ትሪሊዮኑን ሰምቶ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው።

ግን ፋብሪካ ትሪሊዮን አይበላም፤ በቀን ነው የሚበላው። አንድ ጉድጓድ በቀን 18 ሚሊዮን ኪዩቢክ ፊት ከሰጠ አሥር ጉድጓድ ይበቃል። አንድ ሚሊዮን ብቻ ከሰጠ 180 ጉድጓድ ያስፈልጋል። ክምችቱ ያው፣ ካርታው ያው፣ ትሪሊዮኑም ያው። የ10 እና የ180 ልዩነት ግን የማሳለፍ አቅም ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ጥልቅ ጉድጓድ በሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር በሆነበት አገር። በዚህ ላይ ጠባብ ድንጋይ ሌላ ባሕርይ አለው። ተሰንጥቆ ሲከፈት መጀመሪያ ደህና ይሰጣል፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ማጣቱ የተለመደ ነው፤ ከዚያ ለረጅም ዓመት በትንሽ በትንሹ ይቀጥላል። ፋብሪካውን በመጀመሪያው ወር ፍሰት ካቀዳችሁት በሦስተኛው ዓመት ጋዝ ያጥረዋል፤ ወይም ሁልጊዜ አዲስ ጉድጓድ እየቆፈራችሁ ትሮጣላችሁ። የዩሪያው ዋጋ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ለአጎቴም ይሄንኑ አልኩት፦ «ጋሼ፣ ዩሪያው የሚረክሰው ጉድጓዱ ጥሩ ከሰጠ ነው፤ እሱም ቢሆን ፋብሪካው ገና ይሠራል። የዘንድሮንና የከርሞን ማዳበሪያ እንደ ድሮው አስብ።» ትንሽ ዝም አለና «ላሟን ሳታይ በወተቱ አትበደር ነው የምትለኝ» አለኝ። እኔ በሁለት ሰዓት ሌክቸር የማልጨርሰውን።

ለዚህ ነው የመስከረሙን ምርቃት እኔ በሌላ ዓይን የማየው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ኤልኤንጂ ያመርታል ተብሏል። ትልቅ ይመስላል። ወደ ጋዝ ሲመለስ ግን በቀን 6 ሚሊዮን ተኩል ኪዩቢክ ፊት ገደማ ነው፤ ጥሩ ከሆነ አንድ ጉድጓድ፣ ካልሆነ ጥቂት ጉድጓዶች የሚችሉት። የሰፈሬ ልጅ «ለምን እንሰለፋለን?» ላለው መልሱ ይሄ ነው፤ ይሄ መጠን የአገር የነዳጅ ወረፋ የሚያጠፋ አይደለም፤ ቤንዚንና ናፍጣም አይደለም። እኔ የምጓጓው ለሌላ ነገር ነው። ጉድጓዶቹ ያለማቋረጥ ለወራትና ለዓመታት ሲያመርቱ ግፊታቸው እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ መዝገብ ይኖረናል። ያ መዝገብ ከነበልባሉ ይበልጣል። ሁለተኛው ምዕራፍ በዓመት ወደ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ይደርሳል ተብሏል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ። ማዳበሪያውም ከዚያው ድንጋይ ነው የሚጠብቀው። ድንጋዩ ሁለቱን ይችላል ወይ የሚለውን መመለስ ያለበት መግለጫ ሳይሆን ያ የግፊት መዝገብ ነው።

ሃምሳ ዓመት የጠበቅነውም በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብን አገኘ። አብዮቱ መጣ፣ ኩባንያው ወጣ፣ የኦጋዴን ጦርነት ተከተለ። በ1980ዎቹ ሶቪየቶች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። በ1990ዎቹ የዓለም ባንክ ብድር ያለበት የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ፣ ከዚያ ቻይናውያን። ውል ተፈረመ፣ ውል ተሰረዘ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ከሂላላ የሙከራ ድፍድፍ ወጣ ተብሎ ያኔም እንዲሁ በየቤቱ ተወራ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2007 ደግሞ አቦሌ ላይ በፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ዘጠኙ ቻይናውያን። እንጀራ ፍለጋ የሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። ይሄን የምጽፈው ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም። በዚህ ድንጋይ ላይ የተከፈለው ብዙ ስለሆነ በቁጥር ብቻ እየተደሰትን እንዳናልፈው ብዬ ነው።

የሚከፈል ሌላም አለ፤ ውሃ። አንድ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ላይ አንድ ንብርብር ለመሰንጠቅ መቶዎች ሜትር ኪዩብ ውሃ ሊበቃ ይችላል። በአግድም የተቆፈረና በብዙ ደረጃ የሚሰነጠቅ ጉድጓድ ግን ከ10 ሺህ ሜትር ኪዩብ በላይ ሊወስድ ይችላል። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ስትቆጥሩት ግማሽ ሚሊዮን ጄሪካን ነው። ቡታጅራ ላይ ይሄን ብትሉኝ ከባድ ነው እላለሁ። የዝናብ ውሃ በቢርካ አጠራቅሞ ግመሉንና ልጁን የሚያጠጣ ሰው አገር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የትኛው ጉድጓድ መሰንጠቅ ያስፈልገዋል፣ የትኛው በማጠብ ይድናል የሚለውን በትክክል መለየት ገንዘብ ማዳን ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የሰው ውሃ ማዳን ነው። ጨዋማ ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ የተመለሰውን አጣርቶ ደግሞ መጠቀም ይቻላል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ በብረት ቱቦና በሲሚንቶ በደንብ ከታሸገ ላይኛው የመጠጥ ውሃ ይጠበቃል። ሁሉም የሚሆነው ግን የሚጠይቅ ካለ፣ የሚለካና ልኬቱን በግልጽ የሚያሳይ ካለ ነው።

እዚህ ላይ ነው የቁፋሮ ባለሙያው ተማሪዬ የሚገባው። ለእሱ የጻፍኩለትን ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ ልድገመው። አንተ ቡታጅራ ላይ የውሃ ጉድጓድ ቆፍረህ ስትጨርስ ምን ታደርጋለህ? ፓምፕ ታደርጋለህ፣ ታቆማለህ፣ ከዚያ ውሃው ወደ ቦታው እስኪመለስ በየደቂቃው እየለካህ ትመዘግባለህ። ሌሊቱን በሙሉ፣ በብርድ፣ ጋቢ ተከናንበህ። ካሉብ ላይ ግፊት ሲመለስ የሚጠበቀው ያው ሥራ ነው፤ ሒሳቡ እንኳን ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከዳርሲ ነው የሚወለዱት። ስለዚህ ሥራህን በዜና አትልቀቅ። ውል ያለው ጥሪ ሲመጣ ግን አትፍራ። እስከዚያ የጉድጓድ ሙከራ ትንተና አንብብ፣ ሶፍትዌሩን ልመድ፣ የምትመዘግበውን ንጹሕ አድርገህ መዝግብ። እዚያ የሚጠፋው ማሽን የሚነዳ ሰው አይደለም፤ «ገና ነው፣ ግፊቱ አልተመለሰም፣ ጠብቁ» ብሎ አለቃው ፊት የሚቆም ሰው ነው። ያ ሰው የሶማሌ ክልል ልጅ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ውሃው የእሱ ነውና። ከእናንተም አንዱ አጠገቡ ቢቆም ኩራቴ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስለ ኦጋዴን ጋዝ ትልቅ ቁጥር ስትሰሙ አትሳቁ፣ አታጨብጭቡም። ጠይቁ። በቀን ስንት ይወጣል? ከስንት ጉድጓድ? ከዓመት በኋላስ ስንት ይቀራል? በማን ውሃ? እነዚህን አራቱን የሚመልስ ካገኛችሁ ያኔ ትሪሊዮኑን እመኑት።

ዘርፉ ላይ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የምታክሉት ወይም የምታርሙት ካለ ከሥር ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ለሌሎቻችሁ መልካም ሳምንት።